ነጭ ሽንኩርቱ የማን ወገን ነው?

አንድ ሽባባው የሚባል ገበሬ ነበረ። ነጭ ሽንኩርት በማልማት የሚስተካከለው አልነበረም፤ በክርክርም እንዲሁ። የሚኖርበት መንደር «ላይ ሰፈር» እና «ታች ሰፈር» ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ሁለቱም ሰፈሮች የሚያለሙት ከአንድ የመስኖ ቦይ ነው። ውሃውን በየተራ የሚያካፍለውን ሹም «የውሃ አባት» ይሉታል። አንድ ዓመት ከላይ ሰፈር ይሾማል፣ አንድ ዓመት ከታች ሰፈር።

የውሃ አባቱ ካጠፋ መሻሪያ ደንብ አለ። የመንደሩ ሰው ቦዩ ዳር ይሰበሰብና «ይሻር» የሚል ዶማውን በስተቀኝ፣ «ይቆይ» የሚል በስተግራ ያስቀምጣል። ከዚያ ዶማ ይቆጠራል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ከላይ ሰፈር ሠላሳ፣ ከታች ሰፈርም ሠላሳ ዶማ መኖሩ ነው። እኩል ከሆነ ደግሞ ሹሙ ይቆያል። ስለዚህ ማንም ተሽሮ አያውቅም።

አምና የውሃ አባቱ የታች ሰፈሩ ቢያድግልኝ ነበር። «ምንጩ ቀንሷል» እያለ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ሲያዞር ተያዘ። ያን ቀን የላይ ሰፈሩ የሽባባው ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። «ውሸታም ውሃ አያካፍልም! ዛሬ ስለ ውሃ የዋሸ ነገ ስለ ምን ይዋሽ ይሆን?» አለ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ። ታች ሰፈሮች ግን «ቢዋሽም ለእኛ ብሎ ነው» ብለው ሠላሳውንም ዶማ በስተግራ ደረደሩት። ሽባባው «ህሊና የላቸውም» እያለ ሲበግን ከረመ።

ዘንድሮ ተራው የላይ ሰፈር ሆነና ዘገየ የሚባል ሰው ተሾመ። በሹመቱ ቀን ሽባባው እስኪያልበው ጨፈረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ውሃው ጠፋ። ዘገየም «ቦዩ ከላይ ተደርምሷል፤ እየጠገንኩ ነው» አለ። የሽባባው ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። የዓመት ቀለባቸው የሚወጣው ከዚያች ማሳ ነበር።

ሚስቱ አንጓች አንድ ጠዋት ወደ ላይ ወጥታ አይታ ተመለሰች።

«ቦዩ አልተደረመሰም። ውሃው የዘገየ በርበሬ ማሳ ውስጥ ይንዶለዶላል» አለችው።

«ምናልባት እየሞከረው ይሆናል።»

«ምኑን?»

«ቦዩን ነዋ! ተጠግኖ እንደሆነ።»

«ሽባባው፣ ሰውየው ዋሽቷል።»

«ዋሸ አይባልም። አንዳንድ ነገር ለሕዝብ አይነገርም፤ አስተዳደር ነው። ደግሞ አምና ቢያድግልኝ ስንቱን አደረገን?»

አንጓች ሳቋ መጣ። ክንዱን ይዛ ወሰደችና ማሳው መሃል አቆመችው።

«በል ለነጭ ሽንኩርቱ አስረዳው።»

«ምን ብዬ?»

«ውሃ የነሳህ የእኛው ሰው ነውና አትጠውልግ በለው። የላይ ሰፈር ደጋፊ ከሆነ ይገባው ይሆናል።»

ሽባባው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን ቅጠል ሲነካው እጁ ላይ ተሰባበረ። አፈረ። አምና የተናገረው አንድ በአንድ ትዝ አለውና መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እዚያው እንደቆመ በራሱ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስብሰባ ይጠራ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ቦዩ ዳር ቆሞ የአምናውን ንግግር ቃል ሳይቀንስ ደገመው። ላይ ሰፈሮች የእነሱም ማሳ እየደረቀ «ከመቼ ወዲህ ነው የታች ሰፈር ሰው የሆንከው?» ብለው ጮኹበት። ታች ሰፈሮች አጨበጨቡለት።

«እናንተ ደግሞ አታጨብጭቡ» አላቸው ዞሮ። «አምና ይህንኑ ስል ጆሯችሁ የት ነበር?»

ጭብጨባው ቆመ። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፣ አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ።

ዶማ ተቆጠረ። በስተግራ ሃያ ዘጠኝ፣ በስተቀኝ ሠላሳ አንድ። መንደሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ አባት ተሻረ።

ተተኪው በተመረጠ ዕለት ውሃው ወረደ። ከነጭ ሽንኩርቱ ግማሹ ተረፈ። የገዛ ሰፈሩ ሰዎች ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ሽባባውን ሰላም አላሉትም፤ ከደረቀበት ሰብል ይልቅ የከነከነው ይሄ ነበር።

በዓመቱ ተራው ወደ ታች ሰፈር ተመለሰ። አዲሱ ሹም ገና «ምንጩ ቀንሷል» ከማለቱ፣ ከገዛ ሰፈሩ ሁለት ሰዎች ዶማቸውን ተሸክመው ከች አሉ። ሹሙ አያቸውና «ቆይ እስኪ፣ እንደገና ሄጄ ልየው» አለ።

ወዳጆቼ፣ የሌላው ወገን መሪ ሲዋሽ ለማየት ሁላችንም ዓይናችን ስል ነው። የራሳችን ሲዋሽ ግን የውሸቱን ስም እንቀይርለታለን፤ ብልሃት፣ ምስጢር፣ አስተዳደር እንለዋለን። ስሙን ስለቀየርን ግን ውሃው አይመጣም። እንዲያውም ቀድሞ የሚደርቀው ያጨበጨበለት ሰው ማሳ ነው። እውነት ወዳድ መሆናችን የሚታወቀው የምንወደው ሰው የዋሸ ዕለት ነው።

እስኪ እናንተም አስቡት፦ የምትደግፉት ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ሲዋሽ፣ ምን ብላችሁ ጠራችሁት?