ትዕዛዙ ባለቤቱን ይጠብቃል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብትሉኝ አይከፋኝም፤ የዛሬው በረት ግን ሞጣ ከተማ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ነው፣ ላሚቱም አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ናት። እንዲያው የሚያስቃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የሐዘን ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ የሻረግ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ፎቶ ቤቱ ገቡ። የሞቱት ባለቤታቸው የአናጺው የአቶ ዳምጤ አርባ በማግስቱ ነበር።

«ልጄ ሙሉሰው» አሉት ባለ ፎቶ ቤቱን፣ «በጥር በልጃችን ሠርግ አንተ ያነሳኸን ፎቶ አለ። ዳምጤን ለብቻው ቆርጠህ አውጣልኝ። ሌላ ፎቶ እኮ የለውም፤ ካሜራ ሲያይ ይሸሽ ነበር። ነገ ለተዝካሩ ሰው ሲመጣ ፊቱን በምን ላሳይ?»

«እሺ፣ እትዬ» አለና ፎቶ ማስተካከያውን ነካ። ፎቶ ማስተካከያው አልከፈትም አለ።

ኮምፒውተር ማለት ከፊት የሚታየው ብቻ አይደለም። ከጀርባዋ ስንት ሠራተኛ ፕሮግራም አለ! አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይገለብጣል፣ አንዱ ደግሞ ማን እንደቀጠረው ሳይታወቅ ቁጭ ብሎ ቀለብ ይበላል። ሙሉሰው ዝርዝራቸውን ከፈተ። አንዳንዱን ቢያቆም ቦታ ይለቀቃል። ግን እጁ ፈራ። ዓምና ቸኩሎ አንዱን አቁሞ የአንድ ሠርግ ፎቶ እንዳለ ጠፍቶበታል፤ ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ ወዲህ «ብትቆም ማን ይጎዳል?» ብሎ ሳይጠይቅ ማንንም አያቆምም።

ዘፈን ማጫወቻውን ጠየቀው። «ማንም» አለ፤ ቆመ። የአየር ጠባይ ነጋሪውን ጠየቀው፤ ሞጣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ የሰው አገር ዝናብ የሚያወራ ወሬኛ ነው። «ማንም» አለ፤ ቆመ። ስማቸውን ከማያውቃቸው ሦስት ሠራተኞች ግን እጁን ሰበሰበ። ምሰሶ ይሁን ማገዶ ሳይለይ የሚቆርጥ ሰው ጣራው ይወርድበታላ።

ፎቶ ማስተካከያው አሁንም አልከፈትም አለ። «ቦታ የለኝም፤ ቦታዬን ቫይረስ ጠባቂው ይዞታል» አለ።

ሙሉሰው ወደ ቫይረስ ጠባቂው ሄደ። «ጠባቂው ሆይ፣ ተነስ፤ ማስተካከያው ቦታ አጣ፣ እትዬ የሻረግ ፎቶ አጡ። ብትቆም ማን ይጎዳል?»

«ገልባጩ ይጎዳል» አለ ጠባቂው። «የሚገለብጠውን ሁሉ የምፈትሽለት እኔ ነኝ። ገልባጩ ሳይጨርስ አልነሳም።»

ገልባጩ ፎቶዎች እንዳይጠፉ ወደ ሌላ ዲስክ የሚያስቀምጥ ነው። ሙሉሰው ወደ እሱ ሄደ። «ገልባጩ ሆይ፣ ጨርስ፤ ጠባቂው አልነሳም አለ፣ ማስተካከያው ቦታ አጣ፣ እትዬ የሻረግ ፎቶ አጡ። ብትቆም ማን ይጎዳል?»

«ፎቶው ይጎዳል» አለ ገልባጩ። «አንድ ፎቶ ቀርቶኛል፤ እሱንም ወረፋ ያዡ አልለቅ ብሎኛል። አሁን ብታቆመኝ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ይበላሻል።»

«የትኛው ፎቶ ነው?»

«እትዬ የሻረግ የመጡበት።»

የሙሉሰውን ግንባር ላብ አጠመቀው። እኔም ብሆን ያልበኝ ነበር። የሰውዬው ፊት በዓለም ላይ የቀረው እዚያች ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

ፎቶዎችን ለማተሚያው ተራ የሚያስይዘው ወረፋ ያዡ ነው። ሙሉሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። «ወረፋ ያዥ ሆይ፣ ልቀቅ፤ ገልባጩ አልጨርስም አለ፣ ጠባቂው አልነሳም አለ፣ ማስተካከያው ቦታ አጣ፣ እትዬ የሻረግ ፎቶ አጡ። ብትቆም ማን ይጎዳል?»

«ትዕዛዙ ይጎዳል» አለ ወረፋ ያዡ። «ከየካቲት ጀምሮ አንድ ትዕዛዝ በአደራ ይዣለሁ። ትዕዛዙ ሳይሄድ ፎቶውን አልለቅም።»

ወደ ትዕዛዙ ሄደ። «ትዕዛዝ ሆይ፣ ሂድ፤ ወረፋ ያዡ አልለቅም አለ፣ ገልባጩ አልጨርስም አለ፣ ጠባቂው አልነሳም አለ፣ ማስተካከያው ቦታ አጣ፣ እትዬ የሻረግ ፎቶ አጡ። ብትቆም ማን ይጎዳል?»

«ያዘዙኝ ሰው ይጎዳሉ» አለ ትዕዛዙ። «‹ይህን ፎቶ አሳድግልኝ፤ መጠኑን ለክቼ እመጣለሁ› ብለው ሄዱ። እሳቸው ሳይመጡ አልሄድም።»

«ማን ናቸው ያዘዙህ?»

«አናጺው ዳምጤ።»

ሙሉሰው እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። አሁን ትዝ አለው። በዚያ በየካቲት የሠርግ ወቅት ጥድፊያ መሐል አቶ ዳምጤ ከበሩ ላይ ቆመው አዝዘው፣ «እስክመጣ እንዳታትመው» ብለው ሄደዋል። በሳምንቱ አልጋ ያዙ። እሱም ረሳው።

ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት» አለ። «ማስተካከያው ጠባቂውን ይጠብቃል፣ ጠባቂው ገልባጩን ይጠብቃል፣ ገልባጩ ወረፋ ያዡን ይጠብቃል፣ ወረፋ ያዡ ትዕዛዙን ይጠብቃል፣ ትዕዛዙ... ትዕዛዙ ጋሽ ዳምጤን ይጠብቃል። ላቁመው?»

እትዬ የሻረግ ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ። «እኔም እኮ እጠብቀዋለሁ» አሉ። «የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አርባ ቀን ሙሉ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በል አቁመው፣ አይመጣም።»

ሙሉሰው ሊያቆም እጁን ዘረጋ።

«ቆይ!» አሉት። «የሚጠብቀው እሱን ነው ወይስ መጠኑን?»

«መጠኑን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ መጠኑ አለ። ከአልጋችን ሥር አንድ ባዶ ፍሬም ሠርቶ አስቀምጧል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ከጀርባው በእርሳስ ‹ሃምሳ በአርባ› ብሎ ጽፎበታል።»

ሙሉሰው ሃምሳ በአርባ ብሎ ጻፈ። ያኔ ትዕዛዙ ሄደ፣ ወረፋ ያዡ ለቀቀ፣ ገልባጩ ጨረሰ፣ ጠባቂው ተነሳ፣ ማስተካከያው ቦታ አገኘ፣ የእትዬ የሻረግ ፎቶ ተከፈተ። ማንም አልተጎዳም።

«አሁን ለብቻቸው ልቁረጣቸው?» አለ ሙሉሰው።

ይህን ሲል ማተሚያው ትልቁን ፎቶ አውጥቶ ጨረሰ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። እትዬ የሻረግ ካሜራውን ያያሉ። ካሜራ የሚሸሹት አቶ ዳምጤ ደግሞ ፊታቸውን ዞር አድርገው እሳቸውን ያያሉ።

ሴትዮዋ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«አትቁረጥ፣ ልጄ» አሉ። «ሁለታችንን ነው ያዘዘው። እንዳዘዘ ይሁን።»

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ብቆም የሚጎዳ የለም። አፌን ግን በዳቦ አታብሱ፤ ዳቦው ለአቶ ዳምጤ ተዝካር ነው።