በወሰን ላይ የተቀመጡት አባ ዘወንጌል

ስሙ። ያ ወንዝ ዳር ያለው ዋርካ ገና ፍሬ ሳለ፣ አያቶቻችንም ገና በሰው አፍ ሳይጠሩ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ድኻ ገዳም ነበረ። መነኮሳቱ ራሳቸው ይቆፍራሉ። ራሳቸው ይፈጫሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የገብስ ቂጣ ይበላሉ።

ከእነርሱ መካከል አባ ዘወንጌል የሚባሉ ውኃ ቀጂ ነበሩ። ቅኔ አያውቁም። ቅዳሴ አይመሩም። የገዳሙን ሕግ ግን ይጠብቃሉ። ሕጉም፣ መነኩሴ ከጎኑ የተቀመጠው ሳይቀምስ አይቀምስም የሚል ነው።

አንድ ቀን አፉ የቆሰለ መንገደኛ መጣና ከጎናቸው ተቀመጠ። ማኘክ አቃተው። አባ ቂጣውን በውኃ አራሱለት፤ ጠበቁትም። ሌሎቹ በልተው ተነሡ።

«አባ፣ ማዕዱ ሊነሣ ነው፤ አይበሉም?» አሏቸው።

«ባልንጀራዬ ገና ነው» አሉ።

ቆይቶ አንበጣ መጣ። አገሩ ተራበ። የገዳሙ መጋቢ የእህሉን ጎተራ ዘጋ። አባ ዘወንጌል የራሳቸውን ቂጣ ይዘው ወረዱ፤ ከመንገድ ዳር ተቀመጡ። የተራበ መጥቶ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ይበላል። ሌላው ይመጣል። ለእርሳቸው አልተረፈም።

መጋቢው ተቆጣ። «ሕጉ ለማዕድ ነው እንጂ ለአገር አይደለም!»

«ጎን የት ላይ ያልቃል፣ አባቴ?» አሉት።

መጋቢው ወደ ገዳሙ ተመለሰ። ሄዶ ጎተራውን ከፈተ። እስከ ዝናብ ድረስ መነኮሳቱ ሳማ ቀቅለው በሉ።

ከዚያም አባ አረጁ። በዚያ ዘመን ጓንጉልና ቢያድግልኝ የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች በእርሻ ወሰን ተጣሉ። አንዱ የወሰኑን ድንጋይ ገፋህ ይላል፤ ሌላው አንተ ገፋህ ይላል። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልሆነም። ጦር ተሳለ። ደም ከፈሰሰ ደግሞ በልጅ ልጅም እንደማይደርቅ አገሩ ያውቃል።

አባ ቂጣቸውን ይዘው ወረዱ። ከወሰኑ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም የአባን ቆብ አክብረው፣ ጦራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በግራና በቀኝ ተቀመጡ። አባ ቂጣውን ቆርሰው ከፊታቸው አኖሩ። ማንም አልነካውም። አብሮ የበላ አይጋደልምና።

መሸ። ነጋ። ቀድሞ የተነሣ ወሰኑን የለቀቀ ስለመሰላቸው የሚነሣ ጠፋ። ዝናብ ጣለ። አገሩ ሁሉ እያረሰ የእነርሱ በሬዎች ቆመው ዋሉ።

«ይብሉ እንጂ አባ!» አለ ቢያድግልኝ። «እርስዎን ማን ከሰሰዎት?»

«ባልንጀሮቼ ገና ናቸው።»

ሌላም ቀን መሸ፤ ሌላም ቀን ነጋ። አባ ዘንበል ብለው ከጓንጉል ትከሻ ላይ ወደቁ።

«አንተ ሰው፣ ሊሞቱብን ነው» አለ ጓንጉል። «ቅመስ!»

«አንተ ቅመስ።»

«ብቀምስ ተሸነፈ ትላለህ።»

«አልልም።»

«ማል!»

«እኒህን ሽማግሌ ይንሳኝ፣ አልልም።»

ጓንጉል ቆርሶ ጎረሰ። ቢያድግልኝም ጎረሰ። ከዚያ ሁለቱ ደግፈው አንድ ቁራሽ ለአባ አጎረሱ። አባ አኘኩ። ዋጡ። «ተመስገን» አሉ። ጋደም አሉ፤ አልተነሡም።

መነኮሳቱ ሬሳውን ሊወስዱ ወረዱ። ሁለቱ ገበሬዎች እዚሁ ይቀበሩልን ብለው ለመኑ። አባ ከተቀመጡበት ተቀበሩ። ለመቃብሩ ጓንጉል ከመሬቱ ሰጠ፤ ቢያድግልኝም ሰጠ። የተጣሉበት ድንጋይ ከመቃብሩ ሥር ገባ።

ያቺ ሣር ያለባት ቦታ እስካሁን አትታረስም። በወሰን የተጣሉ ሰዎችን ወስደን እዚያ እናስቀምጣለን። ቂጣ ከመካከል እናኖራለን። አንመክርም፤ አንፈርድም። ቀድሞ የሚነሣ የለም። ቀድሞ የሚቀምስ ግን አይጠፋም። እርሱን ተሸነፈ የሚል ሰው በአገራችን የለም።