ከአራስ ቤት ጓሮ ያለው እሾህ

በቀጨማ ተራራ ግርጌ፣ ችኩል ሰው መከራ ሲጠራ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። ብዙዎች የገበሬ ምክር ይመስላቸዋል። የወጣው ግን ከአራስ ቤት ነው።

የሻረግ በግንቦት ሴት ልጅ ወለደች። በአገሩ ልማድ አራስ ልጇን ክርስትና ሳታስነሳ ከቤት አትወጣም፤ ከወጣች ጋኔን ይለክፋታል ይባላል። ስለዚህ ከራስጌዋ ቢላዋ አኑራ፣ ተራራውን በግድግዳው ስንጥቅ ብቻ ታየው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃጠሎ ጥዱንና ወይራውን ጠራርጎ በልቶት፣ ተራራው እንደ ከሰል ጠቁሮ ከርሞ ነበር። መጀመሪያ ሣር አበቀለ። ቀጥሎ ቀጋና አጋም እየተጠላለፉ እስከ ጓሮዋ ወረዱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከእሾሁ ውስጥ ጅብ ያላዝናል፤ የሻረግም ልጇን ከደረቷ ታጣብቃለች።

ባሏ ደባሱ እሾሁን ሊያስመነጥር ደቦ ጠራ። «ለልጄ ጅብ ጎረቤት አላደርግላትም!»

ከጎን ያሉት ባልቴት እማ ትርንጎ ለአራሷ ገንፎ ይዘው ሲመጡ ሰዎቹን መጥረቢያና መቆፈሪያ እንደያዙ አገኟቸው።

«ተው ደባሱ፤ ይኼ እሾህ የተራራው ልብስ ነው።»

«እንግዲያው እማ፣ ለፋሲካ ይልበሱት!»

ደቦኞቹ ሳቁ።

«ጎንበስ ብለህ ሥሩን አይተኸዋል?» አሉ እማ ትርንጎ። «ወፎቹ አጋም ሊለቅሙ መጥተው የወይራ ፍሬ ጥለውበታል። ቡቃያው እሾሁን ተጠልሎ ከፍየል ተርፏል። ወይራው ሲጠነክር እሾሁ ራሱ ቦታውን ይለቅለታል።»

«እስከዚያ ልጄን ጅቡ ያሳድግልኝ?»

የሻረግ ከውስጥ ሰማች። ጅቡን ትፈራለችና ልጇን ይበልጥ አቀፈች።

እሾሁ ከነሥሩ ተነቀለ። ከእማ ትርንጎ ቤት በላይ ያለው ብቻ ቀረ፤ «እኔን ሳትቀብሩ አትነኩትም» ብለው ፊቱ ስለቆሙ። ጅቡም ሄደ። ደባሱ ደስ አለው።

ሰኔ ሊወጣ ሲል፣ ደባሱ ወፍጮ እንደሄደ፣ በእኩለ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ዘነበ። የሻረግ መጀመሪያ ያየችው ከግድግዳው ሥር የሚሾልከውን ቀይ ውኃ ነው። ከዚያ ከላይ የድንጋይ መንከባለል ሰማች፤ መደቡ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። ልጇን አንስታ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብትወጣ ጋኔን፣ ብትቀር ድንጋይ።

«ወደ እሾሁ! አንቺ ልጅ፣ ወደ እሾሁ ነይ!» ጮኹ እማ ትርንጎ።

ደፉን ተሻገረች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት፤ በአራት እግሯ እየዳኸች አጋሙ ውስጥ ገባች፤ እሾሁ ፊቷን ቧጠጣት። ዞር ስትል የቤቷ ጣሪያ እንደቆመ ሲሄድ አየች። ከዚያ ጎበጠና ጠፋ።

ደባሱ እየሮጠ መጣ። አራስ ከቤት አትወጣምና ሌላ ቦታ አልፈለጋትም። ጭቃው ላይ ተደፍቶ «የሻረግ! የሻረግ!» እያለ በጥፍሩ ይቆፍር ጀመር። እሷ ከእሾሁ ለመውጣት ትታገላለች። ሕፃኗ አለቀሰች። ያኔ ቀና አለ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ኧረ ምን መጣባችሁ?»

ደባሱ ራቁቱን የቀረውን ተራራ ያያል። የመለሱት፣ ከየሻረግ ነጠላ ላይ እሾህ እየለቀሙ፣ እማ ትርንጎ ናቸው፦ «ምን ይመጣበታል፤ ጅብ ፈርቶ እሾህ ነቀለ፣ ጎርፍ ተከለ።»