ጭስ ያቆመው ክምር

አንድ ከሰል አክሳይ ነበረ። ታገሺኝ ውዴነሽ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ልጄ ቤዛ ወር ሙሉ አላሳለችም፣ ደረቷም አላፏጨም፤ የአስም መድኃኒቷን ባቆምላት ምን አለበት? ደህና ልጅንስ ቱቦ ውስጥ እፍ በይ ማለት ምን ይባላል?» ነው ያልሽኝ። ሐኪም ሆኜ ስንት ዘመኔ፣ ለዚህ ጥያቄ ከከሰል አክሳዩ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ሰውየው እንጨት ይከምራል፣ በቅጠልና በአፈር ይደፍናል፣ ከሥር ይለኩሳል። ክምሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳም ይተውለታል። ጭሱ ሲያቆም ቀዳዳው ተደፍኖ ይሰነብታል። በአገሩ ደንብ ክምሩ ከመከፈቱ በፊት አክሳዩ ቀዳዳውን ከፍቶ የእጁን ጀርባ ያስጠጋና አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ጸሎቱን ሳይጨርስ ግለቱ አቃጥሎት እጁን ካሸሸ ክምሩ አይነካም።

አንድ ጊዜ የገበያ ቀን ደረሰበትና ቸኮለ። ክምሩን ሊንድ ዶማውን ሲያነሳ ጎረቤቱ ሽማግሌ በዚያ አለፉ።

«እጅህን አስጠግተህ አየህ?» አሉት።

«ኧረ አባባ፣ ጭሱ ካቆመ ሁለት ቀኑ! ጭስ በሌለበት ምን እሳት አለ?»

«ጭስ ካየህ እሳት አለ ነው የተባለው። ካላየህ የለም ያለህ ማን ነው?»

ሳቀና ክምሩን ናደው። ከሰሉ ጥቁር ነው፣ ላዩ ቀዝቅዟል። በጆንያ ሞልቶ ጎተራው ሥር ደረደረው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ተነሳ። አንዱ ጆንያ ነደደ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ጎተራውም ተያያዘ፤ ሰው ከወንዝ ውኃ ቀድቶ እስኪመለስ የአምስት ልጆቹ የዓመት ቀለብ አመድ ሆነ። ሰውየው አመዱ ላይ ቆሞ «ጭስ አልነበረም እኮ!» እያለ ጮኸ። ሽማግሌው እያለቀሱ፣ «እጅህ ግን ነበረ፣ ልጄ» አሉት።

እንግዲህ ውዴነሽ፣ ሳሉና ማፏጨቱ ጭሱ ነው። እሳቱ የመተንፈሻ ቧንቧዋ ውስጥ ነው፤ ቧንቧው ተቆጥቶ፣ አብጦም ልጅቷ እየሮጠች ልትጫወት ትችላለች። እኔ እጄን ደረቷ ውስጥ አልሰድ። ትንፋሿ ግን ከዚያ ነው የሚመጣው። እስከ ስድስት እየቆጠርን ቱቦው ውስጥ ቀስ ብላ እፍ ስትል፣ የእጄን ጀርባ ቀዳዳው ላይ ማስጠጋቴ ነው። መሣሪያው የቧንቧዋን ቁጣ ከትንፋሿ ይለካል፣ ቁጣው ሲብስ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ብቻውን አይፈርድም፤ ካንቺ የምሰማው፣ ደረቷንም የማዳምጠው አለ። የዛሬው ቁጥር ግን ከፍ ብሏል፣ ካለፈው እጥፍ ነው። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅሽም።

ባቆምላት አልሽኝ እንጂ አቁመሻል አይደል? አታቀርቅሪ፣ አልቆጣሽም። ያም ሰው ልጆቹን ይወድ ነበር። ያንቺ ጎተራ ግን ገና አልተነካም፤ ይቻትና በረንዳው ላይ እየዘለለች ነው። መድኃኒቷን ዛሬውኑ ጀምሪላት።