የአቶ ቢተው ቀበቶ

የአዲሱ አዳራሽ ባለቤት አቶ ቢተው በምረቃው ዋዜማ ቀና ቢሉ፣ የእሳት ማጥፊያውን የውሃ ቧንቧ ከጣሪያው ጋር ጠፍረው የያዙ ብረቶች አዩና ደማቸው ፈላ። ቧንቧውን የገጠመችውን ምላሰኛ ሠራተኛ አስጠሩ።

«ጣሪያዬን ያበላሸው ይሄ ምንድን ነው?»

«መሬት ሲንቀጠቀጥ ቧንቧው ተወዛውዞ እንዳይሰበር ነው፣ ጌታዬ። ከተሰበረ እሳት ሲነሳ ውሃ የለም።»

«ቧንቧው ይኸው ቆሟል፣ መቼ ንቅንቅ አለ? አሁኑኑ ፍቺልኝ፤ አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!»

ሴትዮዋ መሰላሏን አቆመችና ቦርጫቸውን አየት አደረገች።

«እሺ፣ እፈታለሁ። የእርስዎም ሱሪ እኮ ይኸው ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው እርስዎም ቀበቶዎን ይፍቱና ነገ እንግዶችዎ ፊት እስክስታ ይውረዱ።»

አቶ ቢተው ሳያስቡት ሱሪያቸውን ያዙ።

«ብረቱ ይቆይ» አሉ፣ ቀበቶአቸውን አንድ ቀዳዳ እያጠበቁ።