ተንቀሳቃሹ ጠላ ቤት

እግሮቹ የከዱት አንድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ወንድይፍራው፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ነገሩን እንዲህ ብለው ጀመሩት። አጠገባቸው ብሎኬት ላይ የተቀመጠው አስቻለው ነው፤ ከታች ቆሞ አሸዋና ስሚንቶ በገመድ ወደ ላይ የሚስብ ጎረምሳ። የሚጥል በሽታ አለበት። ይህን ከእሳቸው በቀር እዚያ ግቢ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸውም ያወቁት አንድ ማለዳ፣ ሠራተኛው ሳይገባ፣ በሩ ሥር ወድቆ ስላገኙት ነው። ዛሬ በምሳ ሰዓት መጣና፣ "ጋሽዬ፣ ሰው ነውሩን ደብቆ ቢኖር ማንን ይጎዳል?" አላቸው። እሳቸውም ይጎዳል አይጎዳም ማለቱን ትተው ይሄንን ነገሩት።

ሰውየው ሰዓት ጠጋኝ ነበረ። ቤቱ ከተማው ዳር፣ የሥራ ሣጥኑ መሃል ገበያ። ስንት ዘመን በክራንች ሲንገላታ ኖሮ፣ አንድ በያጅ አዘነለትና በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ሠራለት። ተንጋለው የሚነዱት ዓይነት ነው፤ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ጀርባ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ መቀመጫው ከአስፋልቱ ከስንዝር ብዙም አይርቅም። ዝቅ ያለ ነገር ደግሞ አይገለበጥም። በኩርባው፣ በቁልቁለቱ፣ መሬት ላይ እንደተሰፋ ነው የሚሄደው።

"አንድ ችግር ግን አለው" አለው በያጁ። "አትገለበጥም፣ ግን አትታይም።"

ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ ረጅም ቀጭን ብረት ተከለለት። ጨርቅ ባስርበት ነፋስ ሲጠፋ ይጠቀለላል፣ ዝናብ ሲመታው ይሟሽሻል ብሎ፣ የቲማቲም ጣሳ ቀይ ቀለም ቀባና ጫፉ ላይ ደፋበት። ምክርም ጨመረለት። "ቦዩን ታክከህ አትሂድ፤ ጥግ የያዘውን ሁሉም ይገፋዋል። ራቅ ብለህ ቦታህን ያዝ። ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት አትውጣ። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየኸው፣ እሱም አላየህም።"

እንግዲህ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ጠላ አለ፣ ግቡ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ገና ከሩቅ ጡሩምባውን ነፋ፣ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ለቀቀለት፣ ሲያልፈው አንገቱን አወጣና፣ "ባለ ጠላው፣ የዛሬው ጉሽ ነው ወይስ የጠለለ?" አለው። ተራ ላይ የቆሙት ባጃጆች በሙሉ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፋ፤ ተንቀሳቃሹ ጠላ ቤት ሆነ። ያ ነጂ በየማለዳው አይቀርም። ከሩቅ ጡሩምባ፣ ሰፋ አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ ደግሞ "አንድ ጣሳ አስቀምጥልኝ፣ ስመለስ እጠጣለሁ።"

ሰዓት ጠጋኙ አንገቱን ይደፋል። እናቱ ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። በልጅነቱ የጠላ ሻጭ ልጅ ሲሉት እየሸሸ ነው ያደገው፤ አሁን ያ ጣሳ ጭራሽ ጀርባው ላይ ተተክሎ ከተማውን ይዞር ጀመር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው። ሲነጋ የሚያስበው ሰዓቶቹን ሳይሆን የባጃጁን ተራ እንዴት እንደሚያልፈው ነው።

አንድ እሑድ ብሎኑን ፈታ። ብረቱን ከነጣሳው አልጋ ሥር ከተተው።

ሰኞ ቦዩን ታክኮ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እንደሚሄድ ድመት፣ ሥራው ደረሰ። ማንም አልጠራውም። መኪናዎች በጆሮው ሥር እያፏጩ ሲያልፉ ቀና ብሎ የሚያየው ሹፌር አልነበረም፤ እሱም አለመታየቱን እንደ መከበር ቆጠረው። ከብዙ ጊዜ በኋላ እያፏጨ ሰዓት ጠገነ።

በዚያው ሳምንት፣ ማለዳ ላይ ካፊያ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ጥጉን ይዞ ሽንኩርት ያራግፋል። ሰዓት ጠጋኙ ጥግ ጥጉን መጥቶ መንገዱ ሲዘጋበት፣ ከመኪናው ጀርባ ዞሮ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ባጃጅ ደረሰ፤ ያው ባጃጅ። ነጂው ያየው የተዘረጉት እግሮቹ ጎማው ሥር ሊገቡ ሲሉ ነው። መሪውን አንዴ ጠመዘዘው። ሰዓት ጠጋኙን ሳይነካው አለፈና ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ።

ሰው ግር ብሎ ባጃጁን አነሳው። የነጂው እግር ከጉልበቱ በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል።

ሕዝብ ደግሞ ታውቃለህ፣ ለመፍረድ አይዘገይም። "እግር የሌለው ሰው ልትገድል?" አለው አንዱ። "በዚህ ካፊያ እንዲህ የሚከንፈው ጫት ቅሞ ነው" አለ ሌላው። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የሰዓት ጠጋኙን ራስ እየዳበሰች፣ "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ማርያም ናት ያተረፈችህ" ትላለች። ሁሉም ለእሱ ወገነ። ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ነጂው ጥርሱን ነክሶ፣ "በእናታችሁ፣ አላየሁትም" አለ። "ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የማየው። ጣሳው ብቅ ሲል ነው የምለቅለት።" ከዚያ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞረ። "ወንድሜ፣ ጣሳህ የት ሄደ?"

እግር ማጣት ምን እንደሆነ ከሰዓት ጠጋኙ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ያንን የታጠፈ እግር አየው፤ ፊቱ ጋለ፣ ጆሮው ጮኸበት። እስከዛሬ ሐፍረት ብሎ የተሸከመው፣ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ሆነበት። መሬት ብትከፈት ይገባባት ነበር። አልተከፈተችም።

ጎማውን ዘወረና ሰው መሃል ገባ።

"ተዉት" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲያዩኝ ተብሎ የተተከለልኝ ምልክት ነበር። ፈትቼ አልጋ ሥር ደበቅሁት።"

"ለምን?" አለው ፖሊሱ።

"አፍሬ።"

የከበበው ሰው በሙሉ ወደ እሱ አየ። አንድም አልሳቀም፤ ቢስቁለት በወደደ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ እጇን ቀስ ብላ ከራሱ ላይ አነሳች። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ለነጂው መለሰለትና ሰዎቹን እንዲያነሱት አዘዘ። ነጂው ያንን ክረምት ተኝቶ ከረመ። ሰዓት ጠጋኙ እየሄደ ይጠይቀዋል፤ ነጂው ስለ ጠላው ይቀልዳል፤ እሱ ግን በሩን ተሻግሮ ያንን እግር ቀና ብሎ ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ጋሽ ወንድይፍራው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ አስቻለው ዞሩ።

"ሰው ነውሩን ቢደብቅ ማንን ይጎዳል አልከኝ። መጀመሪያ ነገር፣ በሽታ ነውር አይደለም፤ የሰውየው ጣሳም ነውር አልነበረም። ነውር የሆነው፣ ሌላው ሰው በማያውቀው ነገር እግሩን ሲከፍልበት ነው። አንተ ሰዓት ጠጋኙን ነህ። ከላይ መወጣጫው ላይ የሚቆሙት ጓደኞችህ ደግሞ ባጃጅ ነጂውን ናቸው። ገመዱን እንደያዝህ ብትወድቅ ጭነቱ እነሱን ይዞ ይወርዳል። ቢያውቁ ሰፋ አድርገው ይለቁልሃል፤ ከገመዱ አንስተው ሌላ ሥራ ይሰጡሃል፣ ስትወድቅም ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። እንዳያዩህ ካደረግህ ግን በምን ይጠንቀቁልህ?"

አስቻለው ጣቱ ላይ የደረቀውን ስሚንቶ ይልጣል። ቀና አላለም።

"ቢስቁብኝስ?"

"ይሳቁብህ። የሚስቅብህ ሰው አይቶሃል።"

ማዶ ጓደኞቹ ዳቧቸውን ጨርሰው እጃቸውን እያራገፉ ነበር። አንደኛው ወደ መወጣጫው ቀና ብሎ አየ።

"ከምሳ በኋላ እነሱ ሲወጡ ገመዱን ከታች የሚይዘው ማነው?" አሉት ጋሽ ወንድይፍራው።

"እኔ።"

"እንግዲያው ሳይወጡ ድረስባቸው።"