የጫማ ሰፊው አውራ ጣት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ሌላ ሰው መሆን ነው። አገሩ ፈረንሳይ፣ ዘመኑም ገና ንጉሥ የነበራቸው ጊዜ ነው። ቴአትሩን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይጫወታል። ሲያስቅ ሆድ ያስይዛል፤ ሲያስለቅስ ደግሞ ለቅሶ ቤት የገባሽ ነው የሚመስልሽ።

የተወለደው ከጫማ ሰፊ ነው። ከተማ ሲገባ ስሙን ለወጠ። በዚያ አገር ተዋናይ ስሙን ቢለውጥ ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። እሱ ግን ከስሙ ጋር አባቱንም ለወጠ። ለጠየቀው ሁሉ «የባላባት ልጅ ነኝ» ይላል። ይህን አምና አንዲት ባለጸጋ መበለት ልታገባው ቀን ቆርጣለች።

እንግዲህ ጉዱን ስሚ። ይኸው ሰው ስሙ የተጠራበት ትልቁ ቴአትሩ ስለ ምን ነው ብትዪ፣ አባቱን ስለ ካደ ልጅ ነው። ልጁ ሀብታም ሆኖ ጌቶችን ቤቱ ጋብዞ ሳለ፣ አባቱ ቡትቶውን ለብሶ ከች ይልበታል። ያን ጊዜ ልጅ ሆዬ ተነሥቶ፣ «ጌቶቼ ይቅርታ፤ ይህ የድሮ አሽከራችን ነው። ዕድሜ አምታቶት ልጄ ይለኛል» ይላል። ይህችን ቃል ሲናገር ሕዝቡ እርግማን ያወርድበታል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እሱም አገር አስተማርኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያስተምር ኖረ።

አንድ የመንደሩ ሰው ከተማ ገብቶ በመልኩ ለየውና ለሽማግሌው አባቱ፣ «ልጅህ ሊያገባ ነው» ብሎ ነገረው። ሽማግሌው በዕድሜው ቴአትር የሚባል ነገር አያውቅም። የልጁን የእግር ልክ በግምት ይዞ አንድ ጥሩ የሰርግ ጫማ ሰፋ፤ አምስት ቀን በእግሩ ተጓዘ። «ልጄ ኮላ የት ነው?» እያለ መልኩን እየነገረ ቢጠይቅ፣ አንዱ የቴአትር ቤቱን የጓሮ በር አሳየው።

በረኛው ቡትቶውን አየና የቴአትሩን አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ መሰለው።

«ዛሬስ ልብሱን አበጅተኸዋል፤ ጭቃው እንኳ የእውነት ይመስላል። ምን ይገትርሃል፣ ተራህ ደርሷል» አለና በጀርባው ገፋው።

በዚያ አገር ልማድ ትልልቆቹ ጌቶች የሚቀመጡት እመድረኩ ላይ ነው፤ ወንበራቸው ከተዋናዩ እግር ሥር ነው። መበለቲቱም በዚያን ቀን ከነዘመዶቿ እዚያው ተቀምጣለች። ሽማግሌው ሲገባ ሻማው በርቷል፣ ጌቶቹ ተደርድረዋል፣ ልጁ በሐር ልብስ መሃል ቆሟል። የልጁ ቤት መሰለው። ደስ አለው።

«ኮላ» አለ። የልጅነት ስሙን ነው የጠራው።

ተዋናዩ ክው አለ። ላቡ ፊቱ ላይ በተቀባው ዱቄት መሃል መንገድ እየሠራ ወረደ። የቆዳና የሰም ሽታ፣ ያደገበት ሽታ፣ መጥቶ አፍንጫው ውስጥ ገባ። አባቱን አየ፣ መበለቲቱን አየ። አንድ ቃል፣ «አባቴ» የምትል፣ ጉሮሮው ድረስ መጣችለት። ሦስት ዓመት የለመዳት ሌላይቱ ግን ቀደመቻት።

«ጌቶቼ ይቅርታ፤ ይህ የድሮ አሽከራችን ነው። ዕድሜ አምታቶት ልጄ ይለኛል።»

ሽማግሌው ልጁን አየ፣ ጌቶቹን አየ። ከዚያ ወደ ጌቶቹ ዞሮ፣ «እውነታቸውን ነው፣ ተሳስቻለሁ። የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ቁመት አልነበረውም» አላቸው። ተንበረከከ። የተዋናዩ የጫማ ዘለበት ላልቶ ነበርና አጠበቀለት። አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የጫማውን አፍንጫ ወለወለ፣ ልክ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ሲወስደው ያደርግለት እንደነበረው። ያመጣውን አዲስ ጫማ እዚያው አኑሮ ወጣ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጌቶቹ ሳይቀሩ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ከጓሮ ብቅ ብሎ፣ «ያን ሽማግሌ ከየት አመጣኸው? እኔ ሦስት ዓመት ጮኼ ያልሆነልኝን በአንድ ጣት ሠራው» አለ።

ተዋናዩ ሮጦ ቢወጣ አባቱ የለም። ተመልሶ ለመበለቲቱ፣ «አባቴ ነው» አላት። «አንተ ቀልደኛ» ብላ በማራገቢያዋ ጉንጩን ነካ አደረገችው። በማግስቱ ከመድረክ ላይ ለሕዝቡ፣ «የትናንቱ ሽማግሌ የወለደኝ አባቴ ነው» ብሎ አለቀሰ። ከሕዝቡ አንዱ ሳቀ፣ ቤቱ ሙሉ ተከተለው። አዲስ ጨዋታ መስሏቸዋል። ክህደቱን ሲያምኑት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ እውነቱን የሚያምነው ግን ጠፋ።

በመጨረሻ አዲሱን ጫማ አድርጎ አባቱ መንደር ወረደ። ጫማው ልክክ ብሎለታል። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «አባቴ» ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው ከመርፌው ቀና አለ። «ጌታዬ ተሳስተዋል፤ እኔ ልጅ የለኝም። ጫማ ፈልገው ከሆነ ግን ይቀመጡ» አለው።

ተቀይሞ አይደለም። ልጄ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብሎ ነው። ለልጁ ሲል አንዴ የዋሻትን ውሸት እስከ መቃብሩ ጠበቀለት።

አየሽ ልጄ፣ ትናንት አፍሽን ሞልተሽ፣ «አክስቴ፣ ለአማቾቼ ይቺ ቴአትር ቤት የምትጠርገው ጎረቤታችን ናት ብላቸው ይከፋሻል?» አልሽኝ። አይከፋኝም። ከመድረክ ሥር ሃያ ዓመት ስጠርግ ሰው ሌላ ሰው ሲሆን አላየሁም ብለሽ ነው? ሰባት ቤት የሚሰማ ድምፄን ይዤ እመጣና፣ ከእውነተኛ ጎረቤት የበለጥኩ ጎረቤት እሆንልሻለሁ፤ እልል ብዬ፣ በልቼ፣ ጨፍሬ እሄዳለሁ። ነገር ግን ተዋናዩ አንቺ ነሽ፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ወልደሽ ከብደሽ፣ «ያሳደገችኝ እናቴ ይቺ ናት» ልትዪ ልጆችሽን ይዘሽ የመጣሽ ዕለት፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ «እመቤቴ ተሳስተዋል፤ አረፍ ይበሉ» እልሻለሁ። ለአንቺ ብዬ ያልኩትን ቃል እኔም አላጥፍም።

የሰርግ ካርዱ ገና አልታተመም አይደል?